ይድረስ ለፖርት 8080 (ፕሮግራም በኔትወርክ ለሚገናኝበት ቁጥር)፣ ባለህበት

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ጋር ከመጣላት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ጠዋት ለደንበኛ የማሳየው ሥራ አለኝ። ሰርቨሩን፣ ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚሰጠውን ፕሮግራሜን፣ ባንተ ላይ ሳስነሳው "አድሬስ ኦልሬዲ ኢን ዩዝ" አለኝ። በታክሲ ቋንቋ "ሰው አለው" ማለት ነው።

ወንድሜ፣ አንድ ማሽን ላይ እስከ 65,535 ድረስ ፖርት አለ። ከ1024 በታች ያሉት ባለሥልጣን ናቸው፣ ያለ ሩት (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ፈቃድ አይነኩም እንበል። የቀረው ሁሉ ባዶውን ተዘርግቶ አገር ምድሩ ለምን አንተ ላይ ይረባረባል?

ማን እንደያዘህ ኤልሶፍ የሚባለውን ትእዛዝ ጠየቅኩት። የፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ቁጥር ሰጠኝ። ሳጣራ፣ ጠዋት በሌላ ተርሚናል ከፍቼ የረሳሁት የራሴው ሰርቨር! (ለሰው አታውራብኝ።) በኪል ዳሽ ናይን፣ ፕሮግራምን በግድ በሚያስቆመው ትእዛዝ፣ ገላገልኩት። አሁንም "ሰው አለው"። ለካ ሊኑክስ ላይ የድሮው ግንኙነት ታይም ዌት ተብሎ 60 ሰከንድ ይቆያል። ይህን ሳይጠብቁ ፖርቱን መልሶ መያዝ የምትፈቅደውን፣ ሪዩዝ አድሬስ የምትባለውን ኦፕሽን ማብራት ረስቻለሁ። ተሳፋሪው ወርዶ ቦርሳው ወንበር ይዟል በለው።

ባለፈው ደግሞ ተናድጄ መፈተሻ ኮድ ጻፍኩልህ። ኮኔክት ብሎ ያንኳኳል፣ የሚከፍት ካጣ "ባዶ ነው" ይላል፣ ከዚያ ባይንድ ያደርጋል፣ ማለትም ፖርቱን ይይዛል። ሸጋ ነበር። ሁለት ቴስት ጎን ለጎን ሳስኬድ ሁለቱም አንኳኩ፣ ሁለቱም "ባዶ ነው" አሉ፣ አንዱ ገባ፣ ሌላው በሩ ላይ ተደፋ። ታክሲ ውስጥ ባዶ ወንበር በመስኮት አይተህ፣ በሩ ጋ እስክትደርስ አንዱ ዘፍ ብሎበት አታገኝም? ማንኳኳቱም ያታልላል። ባይንድ አድርጎ ገና ሊስን ያላለ (እንግዳ መቀበል ያልጀመረ) ፕሮግራም በር አይከፍትም፣ ወንበሩን ግን ይዞታል።

ስለዚህ መስኮት ማየት ትቻለሁ። ዝም ብዬ ባይንድ አደርጋለሁ፣ ከተያዘም ኤረሩን ተቀብዬ እመለሳለሁ። ለቴስት ደግሞ ፖርት 0 ብዬ እጠይቃለሁ። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እንደ ደህና ረዳት "ና፣ እዚች ጋ ጠጋ በል" ብሎ ክፍት የሆነውን ይሰጠኛል። የትኛው እንደደረሰኝ ጌትሶክኔም ይነግረኛል። አንተን ደጅ መጥናት ቀረ።

የነገው ደንበኛ ግን 8080 ብሎ መዝግቦሃል። 60 ሰከንዷም አልቃለች። እስከ ጠዋት ማንም ቢመጣ ሰው አለው በል፣ ቦርሳዬን አስቀምጬብሃለሁ።