ዝም ብዬ ነው የቆምኩት

ቁጥር ተሰጥቶት ቁጥሩን የማያምን ሰው ያናድደኛል። ሰሞኑን ደግሞ ብሶብኛል።

ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ሁሉም ወደብ ላይ ተጠግተው አይቆሙም። ውሃው ጥልቀት ካነሰው ወይም መቆሚያው ካልበቃ ከባሕሩ ላይ እንዳሉ ይቀራሉ። ተሳፋሪው ተንደር በሚሏት ትንሽ ጀልባ እየተመላለሰ ይወርዳል። ግርግር እንዳይፈጠር ቁጥር ይታደላል፤ ቁጥራችሁ እስኪጠራ አዳራሽ ውስጥ አረፍ በሉ ይባላል። ቀላል ነገር ነው። ድምፅ ማጉያው «ከ1 እስከ 4 ያላችሁ ብቻ» ሲል ግን ደረቱ ላይ 22 የለጠፈ ሰውዬ ብድግ ይላል። ሄዶ በሩ ላይ ይገተራል።

«ጌታዬ፣ ተራዎ ገና ነው» ትለዋለች አስተናጋጇ።

«አውቃለሁ። ዝም ብዬ ነው የቆምኩት።»

ዝም ብሎ ቆሞ መንገዱን ዘጋው። ቁጥር 3 የያዙት አዛውንት ባልና ሚስት በእሱና በግድግዳው መሃል በጎን ሾልከው አለፉ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ለዚህ ሰውዬ የተተረተ ይመስለኛል። ጀልባዋ እኮ እስክትሞላ አትንቀሳቀስም። ቀድሞ የገባ «ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ» እየተባለ ጥግ ይደርሳል። መጨረሻ የገባው በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ሲደርሱ ማን ቀድሞ ይወርዳል? ተጋፍቶ የገባው የሰው ጀርባ እያየ የናፍጣ ሽታ ይምጋል። ለሚቀጥለው ወደብ ይማራል ብላችሁ ነው? ወይ ፍንክች!

ቀድሞ ቢወርድስ? የግሪክ ደሴት የሆነችውን ሳንቶሪኒን እንውሰድ። እሳተ ገሞራ የቆፈረው ባሕር ጥልቀቱ በመቶዎች ሜትር ስለሆነ መልህቅ መጣል ጭንቅ ነው፤ ሰው በጀልባ ነው የሚወርደው። ከተማው ያለው ገደሉ አናት ላይ ነው። ስለዚህ አሮጌው ወደብ ላይ ሌላ ሰልፍ ይጠብቅሃል፦ ወይ የኬብል መኪና ወረፋ ትይዛለህ፣ ወይ 588 ደረጃ ከአህዮች ጋር ትወጣለህ። አህዮቹ በነገራችን ላይ ተራቸውን ያውቃሉ።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የሰውዬው ብቻ አይደለም። ቁጥር የማይነካቸው አሉ። ከመርከቧ ላይ ጉብኝት የገዙ ይቀድማሉ። ውድ ክፍል የያዙ ይቀድማሉ። ነባር ደንበኞች ይቀድማሉ። በፈገግታ ታጅበው ሲያልፉ እኛ ቁጥራችንን ታቅፈን እናያለን። ነገሩ የቆየ ነው። ታይታኒክ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1912 ፈረንሳይ ውስጥ ሼርቡር ስትደርስ ወደቡ አልበቃትም። ተሳፋሪዎቹን ኖማዲክና ትራፊክ የሚባሉ ሁለት ተንደሮች አመላለሷቸው። ኖማዲክ አንደኛና ሁለተኛ ማዕረግን ጫነች፤ ትራፊክ ሦስተኛ ማዕረግንና ፖስታውን። ትራፊክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰጠመች። ኖማዲክ ግን ታድሳ ዛሬም ሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት ላይ ትጎበኛለች። ጀልባም ዕድሏ እንደ ተሳፋሪዋ ነው መሰል።

ይሄን ካነሳሁ አይቀር የፎጣውን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቂም ነው፣ አልክድም። ጎህ ሳይቀድ መዋኛው ዳር ወንበር ላይ ፎጣ አንጥፈው ተመልሰው የሚተኙ ሰዎች አሉ። ፎጣው ፀሐይ ይሞቃል፣ እኔ እቆማለሁ። አንድ ቀን አንዷን ወንበር ጠጋ ብል፣ ከጎን ያሉት ሴትዮ «ሰው አለው» አሉኝ። ሰው የተባለው እስከ ምሳ ድረስ አልታየም። ፎጣው ላይ አንድ መጽሐፍ ነበር፤ ገጾቹ ከማተሚያ ቤት እንደወጡ ናቸው። መጽሐፉንም ያመጣው ቦታ እንዲይዝለት ነው! ያን ሰማያዊ ፎጣ ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ባለቤቱ ባለ 22ቱ ሰውዬ ስለመሆኑ ማስረጃ የለኝም። ጥርጣሬ ግን አለኝ።

ወደ ጀልባው ልመለስ። ከምር የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው፦ ብዙዎቹ ተንደሮች በመርከቧ ጎን የተሰቀሉት የነፍስ አድን ጀልባዎች ናቸው። ባሕሩ ረግቶ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ለሽርሽር እንዲህ ከተጋፋን ክፉ ቀን ሲመጣ ምን ልንሆን ነው? መርከበኛው በሩ ላይ ቆሞ ክንድህን ይጨብጣል። ማዕበሉ ጀልባዋን ከፍ እስኪያደርጋት ይጠብቃል። «አሁን!» ሲልህ ትሻገራለህ። ዝቅ ስትል የሚከፈተው ክፍተት ጉልበት ያብረከርካል። ሰውዬው ግን በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው ኮፍያ ይዞ «እችላለሁ» ይላል። መርከበኛው ምንም ሳይመልስ በብብቱ አንስቶ ያስገባዋል።

ማታ ሲመለሱ ደግሞ ቁጥር የለም፤ የመጨረሻው ጀልባ ሰዓት ብቻ ይነገራል። ጠዋት የተጋፉት ያን ጊዜ የሉም። ሞተሩ ተነስቶ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ እነሱን ይጠብቃል። እያለከለኩ ይመጡና በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። መርከቧ ጋ ስንደርስ ማን ቀድሞ እንደሚወርድ አትጠይቁኝ።