ክርክር፦ ወላጅ ሲታሰር ልጁን የሃይማኖት ትምህርት ቤት ቢያስተምረው ይበጃል?

ደጋፊ፦ አስተማሪ ነኝ። መመዝገቢያ ቅጹ ላይ «የአባት ሥራ» የሚል ቦታ አለ። አንድ ተማሪዬ እዚያ ሲደርስ እርሳሱን አቁሞ ቀረ። አጠገቡ ያለው ልጅ «የሱ አባት እስር ቤት ነው» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጁን አውጥቶ መልሶ አያውቅም። ያጠፋው አባቱ ነው፤ ቅጣቱ ግን ለልጁም ተረፈው።

ለእንዲህ ያለው ልጅ ሒሳብና ሳይንስ ብቻ አይበቃውም። ሰው እንደሚበድል፣ የበደለም ንስሐ ገብቶ እንደሚመለስ የሚነግረው ቦታ ያስፈልገዋል። አባቱን ሳይጠላ፣ ጥፋቱንም ሳይሸፋፍን እንዲያድግ። ደግሞ የቤቱ ገቢ ሲቋረጥ ክፍያውን፣ ዩኒፎርሙን፣ ምሳውን ማን ይሸፍናል? ብዙ ጊዜ ቀድሞ በሩን የሚከፍተው የሃይማኖት ተቋም ነው።

ተቃዋሚ፦ እህቴ፣ የዚያ ልጅ ነገር አንጀቴን በልቶታል። በሩ መከፈቱን አልጠላሁም። የምፈራው ለመግባት የሚጠየቀውን ነው። የራበው ልጅ ምሳ እየሰጡት «እንጸልይ» ቢሉት እምቢ የማለት አቅም አለው?

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 14 ልጅ የራሱ የሃይማኖት ነፃነት አለው ይላል። በዚህ እሱን መምራት ደግሞ የወላጁ ወይም የሕጋዊ አሳዳጊው መብት ነው። ወላጅ ከታሰረ ይህ መብቱ ይቀራል የሚል ቃል የለበትም።

አንዲት የማውቃት ልጅ እናቷን የምትጠይቅበት ቀን ከትምህርት ቤቷ የአምልኮ ቀን ጋር ገጠመባት። መቅረት አይቻልም አሏት። ለእናቷ የሣለችው ሥዕል ደብተሯ ውስጥ ሦስት ወር ከረመ። አንቀጽ 9 ግን ጥቅሙን የሚጎዳ ካልሆነ በስተቀር፣ ከወላጁ የተለየ ልጅ ዘወትር ሊያገኘው መብት እንዳለው ይናገራል።

ደጋፊ፦ እዚህ ላይ ልክ ነዎት። ልጅን ከእናቷ እየከለከሉ አምልኮ የለም። ነገር ግን አንቀጽ 20ንም ይመልከቱልኝ። ከቤተሰቡ ውጭ ለሚያድግ ልጅ መኖሪያ ሲፈለግ የአስተዳደጉ ቀጣይነትና ያደገበት ሃይማኖት ይታሰብበት ይላል። ከአባቱ ጋር ሲጸልይ ያደገ ልጅ አባቱን ሲያጣ ጸሎቱንም ለምን ይጣ?

ተቃዋሚ፦ እንግዲያው አባቱን ይጠይቁት። ታሰረ እንጂ አልሞተም። ደብዳቤ ይድረሰው፤ ፈቃዱን በጽሑፍ ይስጥ። ልጁም ከፍ ካለ ራሱ ይጠየቅ። ምሳውና ትምህርቱ ደግሞ ከጸሎቱ ይለዩ።

ደጋፊ፦ ምሳው ይለይ በሚለው እስማማለሁ። የአባትየው መልስ ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ ልጁ የት ይዋል?

ተቃዋሚ፦ እዚያው ይማር። በጸሎት ሰዓት ብቻ አስተማሪ ያለበት ሌላ ክፍል ይኑረው። በረንዳ ላይ ብቻውን አይቁም።

ደጋፊ፦ እሱ ብቻ ተነሥቶ ሲወጣ እኮ ሁሉም ዞር ብሎ ያየዋል። ያ ክፍል እንደዚያ ቅጽ ይሆንበታል። ጓደኞቹ «ለምን አንተ ብቻ?» ሲሉት ምን ብሎ ይመልስላቸው?