ቤሬታው ሲያብረቀርቅ ዋጋው ይወርዳል

ከአያቱ የወረሰውን ቤሬታ የተባለ የጣሊያን ሽጉጥ ላሳየን የባሕር ዳር ልጅ ብዙዎቻችሁ «በብርጭቆ ወረቀት አስፈግፍገህ ኒኬል አስለብጠው፣ ዋጋው እጥፍ ይሆናል» እያላችሁት ነው። በቅንነት እንደሆነ ይገባኛል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሰብሳቢ ገንዘቡን የሚያወጣው ለፋብሪካው ቀለምና ለጽሑፉ ነው። በብዙ የ1934 ሞዴል ቤሬታዎች ግራ ጎን ላይ ከፈረንጆቹ የምርት ዓመት አጠገብ የፋሺስት ዘመን ቁጥር (ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ የሚቆጠር ዓመት) በሮማውያን አኃዝ ተቀርጿል። እሱ ከተፋቀ መቼ እንደተሠራ የሚመሰክረው ነገር ጠፋ፤ ኒኬል ደግሞ አይመልሰውም።

ያላመነ አጉሊ መነጽር ይያዝ። ያልተነካ ፊደል ጠርዙ ስል ነው፤ የተፈገፈገው እንደቀለጠ ሳሙና ይድበሰበሳል።

የጣና እርጥበት ያዝገዋል ያላችሁት እውነት ነው። ለዚያ ግን ጥይት አለመኖሩን አይቶ ስስ ዘይት በለስላሳ ጨርቅ መቀባት ይበቃል።