መጀመሪያ የራሳችሁን ገጽ ፈትሹ

አዲስ የጫማ፣ የልብስ ወይም የዕቃ ሞዴል ያወጣ ሰው ሁሉ የሚፈራው አስመሳይን ነው። ሞዴሌን መርካቶ አባዝተው ይሸጡብኛል ይላል፣ ፍርሃቱም ልክ ነው። እኔን ግን ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ፣ ዲዛይናችንን ለማስመዝገብ ስንነሳ ከዚህ በፊት የወጣ ተመሳሳይ መኖሩን አለመፈለጋችን ነው። ብንፈልግም የራሳችንን ፖስት አናይም።

የሪሃናን ጫማ ጉዳይ ተመልከቱ። የስፖርት ጫማ አምራቹ ፑማ ዲዛይኑን በአውሮፓ ኅብረት ለማስመዝገብ ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ነገር ግን በ2014 መጨረሻ ላይ ኢንስታግራም ላይ በወጡ ፎቶዎች ያኔ የፑማ የፈጠራ ዳይሬክተር የሆነችው ዘፋኟ ወፍራም ጥቁር ሶል ያለው ነጭ ጫማ አድርጋ ትታያለች። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ፎቶዎቹን ይዞ ተከራከረ። ፑማ በዚያን ጊዜ ጫማውን ልብ ያለ ሰው አልነበረም ቢልም ሰሚ አላገኘም፤ በ2024 የኅብረቱ ፍርድ ቤት ምዝገባው እንዲሰረዝ የተሰጠውን ውሳኔ አጸና። እዚያ ዲዛይነሩ ሥራውን ለሕዝብ ካሳየ በኋላ ለማመልከት ያለው ጊዜ 12 ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የራሱ ፎቶም ዲዛይኑን አዲስ እንዳይባል ያደርገዋል። ያን ያህል ጠበቃ ያለው ኩባንያ በራሱ ሰው ፎቶ ከተሸነፈ፣ ናሙናውን ገና ከስፌት ሳይወጣ ቲክቶክ ላይ የሚለቅ የእኛ ልጅ ምን ሊሆን ነው?

የእኛም አዋጅ ቁጥር 123/1987 ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዲስ እንዲሆን ይጠይቃል፣ ውጭ አገር የታወቀውም ይቆጠራል። ስለዚህ ሽሮ ሜዳ ስንት ዘመን የተሸመነውን ጥለት በስሜ ይመዝገብልኝ ማለት አያስኬድም፣ ደግሞም ነውር ነው። በእሱ ላይ ተነስታችሁ ያወጣችሁት አዲስ ቅርጽ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱን አስመዝግቡ። ጥበቃው ለ5 ዓመት ነው፣ ሊራዘምም ይችላል።

ፍለጋው ብር አይጠይቅም። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የዲዛይን መረጃ ቋትና ዲዛይንቪው የተባለው የአውሮፓው ቋት በኢንተርኔት በነፃ ክፍት ናቸው። በስም ብቻ አትፈልጉ፣ አንዱ ሰንደል ያለውን ሌላው ጫማ ብሎ ያስገባዋል። ዲዛይኖችን በዕቃ ዓይነት የሚከፋፍለውን ዓለም አቀፍ የሎካርኖ ምደባ ቁጥር ተጠቀሙ፦ ጫማ 02-04 ነው፣ የቤት ዕቃ ክፍል 6። ከዚያ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ በዓይን ማየት ነው፣ አሰልቺ ቢሆንም አቋራጭ የለውም። ቀጥሎ ፒንተረስትንና የቻይና መሸጫ ገጾችን እዩ። በመጨረሻም ቴሌግራም ቻናላችሁን ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ፈትሹ፣ መጀመሪያ የለጠፋችሁበትን ቀንም ጻፉ። የሚመሳሰል ካገኛችሁ ለሶሉ ሻጋታ ገንዘብ ሳታወጡ፣ ገና ወረቀት ላይ እያለ ቀይሩት።