ጀግናው ቸኩሏል፣ እኛ ላባ እየለቀምን ነው

አባቱንና ሁለት ወንድሞቹን አደባባይ ላይ የሰቀሉበት ልጅ አለ። ኢዚዮ ይባላል፤ አገሩ ፍሎረንስ፣ ዘመኑ 15ኛው ክፍለ ዘመን። ደሙ ፈልቷል። ገዳዮቹን አንድ በአንድ ሊበቀል ተነስቷል። እኔ ደግሞ ጆይስቲኩን ይዤ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለልኩ የወፍ ላባ እለቅማለሁ። መቶ ላባ! ገዳዮቹ ግን ጨዋዎች ናቸው፤ ጨርሼ እስክመጣ ከተቀመጡበት ንቅንቅ አይሉም።

አሳሲንስ ክሪድ የተጫወተ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። ላልተጫወተ ደግሞ ባጭሩ፦ ዩቢሶፍት የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከ2007 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ አትቆጡኝ) የሚያወጣው ተከታታይ ጌም ነው። ቆብ የደፉ ነፍሰ ገዳዮች ቴምፕላር ከሚባሉ ባላንጣዎቻቸው ጋር ዘመናትን እየተሻገሩ ይተላለቃሉ። በየክፍሉ አገሩና ዘመኑ ይቀየራል። የማይቀየረው የተጫዋቹ ጠባይ ነው። አዲሱ ሲወጣ አንዱ «ያው ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለው?» ይላል፤ ሌላው «ምን ነክቷቸው ነው ያበላሹት!» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ሰው ነው፤ ጠዋትና ማታ።

የመጀመሪያው ክፍል እንደዚህ ነበር። 1191፣ የመስቀል ጦርነት፣ ኢየሩሳሌም፣ ደማስቆ፣ አኮ። ዘጠኝ ሰው መግደል አለብህ። ከእያንዳንዱ ግድያ በፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ወሬ ትሰማለህ፣ ኪስ ታወልቃለህ፣ አንዱን ጥግ አስይዘህ ትደበድባለህ። ከዚያ እንደገና ወሬ፣ ኪስ፣ ዱላ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት አፍ የሚያስከፍት ነገር ነበር፤ አራተኛው ላይ ግን የቀበሌ መታወቂያ የማሳደስ ያህል ይሰለቻል። በየመሀሉም አል ሙዓሊም የሚባሉ ሽማግሌ ስለ እውነትና ስለ ሰላም ንግግር ያደርጋሉ። ንግግሩ አይታለፍም! የሚዘልል ቁልፍ አልሰጡህም። ይህን እንግዲህ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ፣ በሰዓት እየከፈልክ፣ ከኋላህ ፊፋ ሊጫወቱ ተራ የሚጠብቁ ልጆች ቆመው አስበው።

«ኧረ ፊልሙን እለፈው!»

«አያሳልፍም እኮ!»

«ታዲያ ሽማግሌውን ለምን አትገድለውም?»

(መጨረሻ ላይ ይገድለዋል። ግን እዚያ ለመድረስ ስንት ሰዓት፣ ስንት ብር።)

በዚህ ሁሉ መሀል ደግሞ 420 ባንዲራ ተበትኗል። ለማን ነው የሚለቀመው? ለምን? ማንም አይነግርህም። ለቅመህ ስትጨርስ ባለታሪኩ አልታኢር ምን አደረግክ ብትለው እሱም አያውቅም።

አሁን ወደ ላባው፣ ወደ ሁለተኛው ክፍል። የኢዚዮ ታናሽ ወንድም ፔትሩቾ በሽተኛ ልጅ ነበር፤ ላባ መሰብሰብ ይወድ ነበር። እሱንም ከአባቱ ጋር ሰቀሉት። እናትየው ከሐዘን ብዛት አፏ ተያዘ፣ መናገር አቆመች። ላባውን ለቅመህ የምትወስደው ለእሷ ነው። ሥራው እኮ ያው ነው፤ ጣሪያ ላይ መውጣት፣ ዕቃ ማንሳት፣ መውረድ። ግን ላባው እናት አለው፣ ባንዲራው የለውም። እኔ ስለዚህ ጌም የማምነው ነገር በሙሉ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ቀሪው ክርክር ነው።

ሁለተኛው ክፍል በ2009 የወጣው ይህን ስለገባው ነው እስከ ዛሬ የሚወደሰው። ጣቱን እንኳ ተመልከቱ። በመጀመሪያው ክፍል ከእጅጌ ብቅ የሚለውን ስለት ለማሰር የቀለበት ጣት መቆረጥ ነበረበት። ሽማግሌ ሊልክ ላሰበ ሰው ከባድ ነገር ነው። ሁለተኛው ላይ ኢዚዮ የተሰበረ ስለቱን ይዞ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ጋ ይሄዳል። ሊዮናርዶም ጣትህን ልቁረጥ ብሎ ያስደነግጠውና ቀልዱን ነው፤ የድሮ ወግ ነው፣ አሁን አያስፈልግም ይለዋል። ቆይቶም ሁለተኛ ስለት ለሌላኛው እጅ ይሠራለታል። አዲስ መሣሪያ አገኘህ፣ ጓደኛም አገኘህ፣ ሳቅህም። ማንም «ይህን ቁልፍ ከዚያኛው ጋር ተጫን» ብሎ ትምህርት አልሰጠህም።

ከዚያ በኋላ ኩባንያው ገበያ ቀመሰ፣ በየዓመቱ ማውጣት ጀመረ። በ2010 አንድ፣ በ2011 አንድ፣ በ2012 አንድ። በየዓመቱ አዲስ ነገር መኖር አለበት፤ ስለዚህ ኢስታንቡል ውስጥ ማንም ያልጠየቀው የሠፈር መከላከያ ጨዋታ መጣ፤ ጣሪያ ላይ ቆመህ ወታደር ትደለድላለህ። በጎን ዴዝሞንድ የሚባል የዘመናችን የመጠጥ ቤት አስተናጋጅ አለ፤ የአያቶቹን ትዝታ በማሽን የሚያየው እሱ ነው፤ የታሪኩ ሁሉ ምሰሶ። በ2012 እሱን ገደሉት። ዓለምን አድኖ ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ጌሙን ስትከፍት የአንድ መዝናኛ ኩባንያ ተራ ሠራተኛ ነህ። ኩባንያው በዴዝሞንድ ደም ውስጥ ያለውን ትዝታ እየቀዳ ለገበያ ያቀርባል፤ ቢሮውም ሞንትሪያል ነው። ጌሙን የሚሠራው ዋናው ስቱዲዮም ያለው ሞንትሪያል ነው። በራስ ላይ ሙድ መያዝ ይሉሃል ይሄ ነው።

ያ የ2013ቱ ብላክ ፍላግ ግን፣ ስለ ወንበዴው ኤድዋርድ ኬንዌይ የሚያወራው፣ ለኔ ከሁሉም ብልጡ ነው። መርከብ መንዳት አዲሱ መስህብ ነበር። እና ማንን ካፒቴን አደረጉት? ለየትኛውም ዓላማ ግድ የሌለውን ሰው! ልብሱን እንኳ ከገደለው ነፍሰ ገዳይ ላይ ገፎ ነው የለበሰው። የሚፈልገው ብር ነው። ስለዚህ ዋናውን ታሪክ ትተህ ካሪቢያን ላይ መርከብ ስትዘርፍ ብትውል፣ ሠራተኞችህን እያዘፈንክ ብትንሸራሸር፣ ታሪኩን አላቋረጥክም። ኤድዋርድም ቢሆን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ኢዚዮ ላይ የሚያሳፍረኝ መዘግየት እዚህ ላይ የባለታሪኩ ጠባይ ሆነ።

ስለ 2014ቱ ዩኒቲ ብዙ አላወራም። ፓሪስ ታምራለች፤ ሰዎቹ ግን አንዳንዴ ፊታቸው ይጠፋና ዓይንና ጥርስ ብቻ ይቀራል። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ተጨማሪ ክፍል በነጻ ሰጠ። ነጻ ነገር ጥሩ ነው፤ እንለፍ።

በ2016 ዋና ክፍል ሳያወጡ አረፉ፣ በ2017 ግብፅ ይዘው መጡ፣ በ2018 ግሪክ። ጨዋታው ተገለበጠ፤ አሁን ሁሉም ሰው ቁጥር አለው። አንተ ደረጃ 10፣ ጠባቂው ደረጃ 15። ከኋላው ተሽሎክሉከህ አንገቱ ላይ ጩቤ ትሰካበታለህ፣ ሰውዬው ዞር ብሎ ያይሃል። ተቆጥቷል! ለስንት ዓመት «አንድ ምት ይበቃል» ብለው ያሳደጉን ሰዎች አሁን ገዳዩን ቅድሚያ ልምድ ይዘህ ና ይሉታል፣ ልክ እንደ ሥራ ማስታወቂያ።

ግሪኩ ላይ ደግሞ ሌላ ነጻነት ሰጡን። ካሳንድራን ወይም አሌክሲዮስን ምረጥ፣ መልስህን ራስህ ምረጥ፣ የምትወደውን ራስህ ምረጥ፣ ብቻህን መኖርም መብትህ ነው። ደስ አለን። ከዚያ በ2019 በወጣው ተጨማሪ ክፍል ላይ ድንገት ቤተሰብ መሠረትክ፣ ልጅ ወለድክ ተባለ። ማንን እንደመረጥክ፣ ምን እንደመለስክ የሚጠይቅህ የለም። ምክንያቱ የታወቀ ነው፦ ይህ ተከታታይ የቆመው በዘር ሐረግ ላይ ነው፤ ባለታሪኩ ካልወለደ ነገ ማን ይመጣል? በዓል በመጣ ቁጥር «እህሳ፣ መቼ ነው የምትወልጂው?» የሚሉ አክስቶች ከነመሶባቸው ጌም ውስጥ ገቡ ማለት ነው። ተጫዋቹ ተንጫጫ፣ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፣ አንዳንድ ነገር አስተካከለ። ልጁ ግን ተወልዷል፤ ምን ይደረግ!

በ2020 ቫልሃላ መጣ፣ ርዝመቱ ሥራ የሚያስፈታ። እንግሊዝን አውራጃ በአውራጃ እያስታረቅክ ስትዞር መጀመሪያ ለምን ከኖርዌይ እንደመጣህ ትረሳለህ። ሕዝቡ «በዛ!» አለ። በ2023 ሚራዥን አመጡለት፤ ባግዳድ፣ አንድ ከተማ፣ እንደ ድሮው መደበቅና መግደል፣ አጠር ያለ። ሕዝቡ «አጠረ!» አለ።

በ2025 የወጣው የጃፓኑ ሻዶውስ ላይ አዘጋጆቹ የደከማቸው ይመስለኛል፤ ሥራውን ለሁለት ሰው አካፈሉት። ናኦዬ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ግድግዳ ላይ እንደ ልቧ የምትወጣ ሰላይ ናት። ያሱኬ ከአፍሪካ ሄዶ የጃፓኑ የጦር መስፍን የኦዳ ኖቡናጋ አገልጋይ የሆነው፣ በእውነተኛው ታሪክም የነበረ ሰው ነው፤ ግዙፍ ነው፣ በር አይከፍትም፣ ይደረምሳል። በዚህ ተከታታይ ሁሉም ጀግና ከማማ ላይ እጁን ዘርግቶ ድርቆሽ ላይ በጸጋ ይወርዳል። ያሱኬ ሲወርድ ድርቆሹ ከነመያዣው ይፈርሳል፣ እሱም ተንከባልሎ ይወጣል። ማንም ስለ ክብደቱ፣ ስለ ባይተዋርነቱ፣ ይህ ሙያ ለእሱ እንዳልተሰፋ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ዝላዩ ብቻ ነገረኝ። ጆይስቲኩን አስቀምጬ ሳቅኩ፣ ቀጥሎም «አየኸው? ታሪክ ማለት እኮ ይሄ ነው» ብዬ ከጎኔ ወደ ተቀመጠው ጓደኛዬ ዞርኩ። «ታሪኩ ወርዷል» እያለ ዓመቱን ሙሉ የሚያማርር፣ አንድም ፊልም ሳይዘል አይቶ የማያውቅ ልጅ ነው።

«እሱን ተወው ባክህ፣» አለኝ። «ልጅቷን አምጣት፣ እሱ ጣሪያ አይወጣም።»