ሩዝ መዝራትን ማን ለማን አስተማረ?

የፍሎሪዳ የትምህርት ቦርድ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ያጸደቀው የጥቁሮች ታሪክ መመሪያ፣ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በባርነት የነበሩ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ለራሳቸው ጥቅም ሊያውሉት የሚችሉት ሙያ እንዳዳበሩ እንዲማሩ ያዛል። ተቃውሞ ሲነሳ አገረ ገዥው ሮን ዴሳንቲስ ወደኋላ አላሉም፤ አንጥረኝነቱን ይዘው በኋላ ሕይወታቸው የተጠቀሙበት አሉ ብለው ተከራከሩ። ከአዘጋጆቹ ሁለቱ ደግሞ ማስረጃ ያሉትን የ16 ሰዎች ስም ዘርዝረው አወጡ።

እስቲ ማስረጃውን እንየው። አንጥረኛ ተብሎ የተጻፈው ሉዊስ ላቲመር በ1848 ማሳቹሴትስ ውስጥ ከእናቱ ማህፀን ነፃ ሆኖ የወጣ ንድፍ አውጪና የፈጠራ ሰው ነው። ጫማ ሠሪ የተባለው ጄምስ ፎርተን ፊላደልፊያ ውስጥ ነፃ ሆኖ ተወልዶ በመርከብ ሸራ ስፌት የከበረ ሰው ነው። ኔድ ኮብ የተወለደው በ1885፣ ባርነት በሕግ ከቀረ ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ታሪክ ቤቲ ዋሽንግተን ሉዊስ ብሎ የሚያውቃት ሴት ደግሞ የጆርጅ ዋሽንግተን እህት ናት፤ ነጭ፣ ራሷም ባሪያ አሳዳሪ። ልጆችን እናስተምር ብለው የተነሱ ሰዎች ጌታውንና ባሪያውን መለየት አቅቷቸዋል።

ከዝርዝሩ በእርግጥ ባሪያ ሆና የኖረች፣ በሙያዋም ነፃ የወጣች አለች፤ ልብስ ሰፊዋ ኤልዛቤት ኬክሊ። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን ስፌቱን ያስተማረቻት እናቷ እንጂ ባርነት አይደለም። ሴንት ሉዊስ ውስጥ በመርፌዋ ለ2 ዓመት ከ5 ወር የ17 ሰው አፍ ስትመግብ ኖራለች። በ1855 ለራሷና ለልጇ ነፃነት 1,200 ዶላር ከፍላለች፤ ያውም ከደንበኞቿ ተበድራ። የገዛ አካልን ከሰው እጅ በገንዘብ መግዛት «ለራስ ጥቅም» ከተባለ፣ ቃሉ ትርጉም አጥቷል።

የእኔ ትልቁ ንዴት ግን ከዚህ ይጠልቃል። መመሪያው አስተማሪንና ተማሪን ገልብጧቸዋል። አፍሪካዊው ባዶ እጁን መጥቶ በእርሻው ላይ ሙያ የቀሰመ ያስመስለዋል። ደቡብ ካሮላይናን ያበለጸገውን ሩዝ ብቻ ማየት ይበቃል።

የደቡብ ካሮላይናዋ ከተማ ቻርለስተን በ1670 ስትመሠረት ከእንግሊዝና ከባርቤዶስ የመጡት ሰፋሪዎች ስንዴና ሸንኮራ ያውቁ ይሆናል፤ ሩዝ አያውቁም። በምዕራብ አፍሪካ ግን የላይኛው ጊኒ የባሕር ዳርቻ ሕዝቦች፣ ባጋውና ባላንታው፣ ከማንግሮቭ ረግረግ ላይ ማሳ ያወጡ ነበር። ፖርቱጋላዊው ነጋዴ አልማዳ በ1594 ጽፎታል። የባሪያ መርከብ ካፒቴኑ ሳሙኤል ጋምብልም በ1793 የባጋን ማሳ ከነካቡ፣ ከነቦዩ በሥዕል አስቀምጦታል።

አሠራሩ የጉልበት ብቻ አይደለም። የባሕሩ ሙላት ሲመጣ ከባዱ ጨዋማ ውኃ ከሥር እየገባ የወንዙን ጨው አልባ ውኃ ወደ ላይ ይገፋዋል። ማሳው ጨው ከማይደርስበት፣ ሙላቱ ግን ከሚደርስበት ቦታ ላይ መዋል አለበት። የሳይፕረሱ ደን ይመነጠራል፣ ዙሪያው በጭቃ ካብ ይታጠራል፣ በካቡ ሥር የውኃ መተላለፊያ ይቀበራል። መተላለፊያው መጀመሪያ ላይ የተቦረቦረ ግንድ ነበር፤ በውታፍ ይደፈናል። በኋላ በሁለት ጫፉ ተንጠልጣይ በር ያለው የሳንቃ ሣጥን ሆነ፤ የካሮላይና ሰዎች ግን እስከ መጨረሻው «ትረንክ»፣ ማለትም ግንድ ሲሉት ቀሩ። የውጭው በር ሲነሳ ሙላቱ የውስጡን በር ገፍቶ ይገባል፤ ወንዙ ሲጎድል የማሳው ውኃ ራሱ ተጭኖ በሩን ይዘጋዋል። ማድረቅ ሲያስፈልግ ተራው ይገለበጣል። በምዕራብ አፍሪካ ለዚሁ ሥራ የተቦረቦረ የዘንባባ ግንድ ይቀበር ነበር።

ዘሩ በሚያዝያ ከመዘራቱ በፊት በጭቃ ይታሻል፤ እንዲከብድና ውኃ ሲለቀቅበት እንዳይንሳፈፍ። የመጀመሪያው ውኃ ዘሩ እስኪበቅል ይቆያል። ከልክ በላይ ከቆየ ዘሩ ይበሰብሳል፣ ቶሎ ከወጣ ወፍ ይለቅመዋል። ከዚያ ይደርቃል፣ ይኮተኮታል፣ እንደገና ይጥለቀለቃል፤ ረጅሙ ውኃ ሁለት ሦስት ሳምንት ተኝቶ አረሙንና ተባዩን ይገድላል። የመጨረሻው ውኃ አገዳው በፍሬው ክብደት እንዳይወድቅ ደግፎ እስከ አጨዳ ያቆየዋል። ዝናብ ጠፍቶ ወንዙ ሲደክም ጨው ወደ ላይ ይወጣል፤ አንዴ ማሳው ከገባ የዓመቱ ምርት አለቀ። በደጋው ብዙ ሲዘንብ ደግሞ ጎርፉ ካቡን ይንዳል። ይህን ሁሉ ጭቃው ውስጥ ቆሞ የሚያውቀው ማን ነበር? በበጋ ወባን ሸሽቶ ቻርለስተን የሚከርመው ባለርስት?

ሩዝ እንደ ስንዴ በድንጋይ ወፍጮ ቢፈጭ ዱቄት ይሆናል፤ የአውሮፓ ገበያ ደግሞ የሚከፍለው ላልተሰበረው ፍሬ ነው። ጆናታን ሉካስ በ1787 በውኃ የሚሠራ መውቀጫ እስኪተክል ድረስ ያ ሁሉ ሩዝ በእጅ ተሸክሽኳል፤ በእንጨት ሙቀጫና በዘነዘና። የኢትዮጵያ እናት ይህን ሳይነገራት ታውቀዋለች፤ ገለባው እንዲለቅ ፍሬው ግን እንዳይደቅ እጅ የሚለካው ነገር ነው። ከሙቀጫው ወደ ሰፌድ ይሄዳል። የካሮላይናው ሰፌድ እንደ እኛው ስፌት የሣር እጀታ እየተጠቀለለ የሚሰፋ ነው፤ እኛ ስንደዶውን በአክርማ እንደምናስረው እነሱ ቄጠማውን በዘንባባ ቅጠል ያስሩታል። ያ ስፌት ዛሬም ከቻርለስተን ማዶ ማውንት ፕሌዛንት መንገድ ዳር ይሸጣል፤ የሚሰፉትም የጉላ ሕዝቦች፣ የዚያው ሩዝ ገበሬዎች የልጅ ልጆች ናቸው። ይህን ስፌት እንግሊዛዊ ጌታ አላስተማረም።

የመርከብ መዝገብ የቆጠሩ አንዳንድ የታሪክ ምሁራን ወደ ካሮላይና የተጋዙት ብዙዎቹ ሩዝ ከማይዘራበት አገር፣ ለምሳሌ ከአንጎላ ነበሩ ይላሉ። ቁጥሩን አልነካም። ለአንድ ማሳ ግን የሚያውቅ አንድ ሰው ይበቃዋል፤ የተቀረው ከእሱ ይማራል። ነጋዴዎቹም ዕውቀቱን አውቀው ይገዙት ነበር። በ1719 ሉዊዚያና የገቡ የፈረንሳይ የባሪያ መርከቦች የዘር ሩዝ በበርሜል፣ ሩዝ መዝራት የሚችሉ ሰዎችንም ጭምር እንዲጭኑ ታዘዋል። በ1760 በቻርለስተን የወጣው ማስታወቂያ ከ«ሩዝ ጠረፍ» አሁን የገቡ 250 ያህል ጤነኛ ጥቁሮች ለሽያጭ ቀርበዋል ይላል። ከሻጮቹ አንዱ ሄንሪ ሎረንስ ነው፤ በኋላ በአሜሪካ አብዮት ዘመን የአህጉራዊው ኮንግረስ ፕሬዚዳንት የሆነው። ሻጩ ራሱ በጋዜጣ የመሰከረውን ሙያ ነው ዛሬ ባርነት ያስተማረው የሚሉን። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ!

ከደቡብ አሜሪካዋ ሱሪናም እርሻ አምልጠው ጫካ የገቡት ማሩኖች አያቶቻችን ዘሩን በጠጉራቸው ደብቀው አመጡት ይላሉ። ለብዙ ዘመን እንደ ተረት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን ከማሳቸው የተገኘው የአፍሪካ ሩዝ በኮትዲቯር ከተሰበሰበ ዝርያ ጋር በጣም እንደሚቀራረብ አሳየ።

ሙያ ያስጨነቀው ሥርዓት ቢሆን የደቡብ ካሮላይናው የ1740 ሕግ ባሪያን መጻፍ ያስተማረ 100 ፓውንድ ይቀጣ አይልም ነበር። በሳቫና ወንዝ ዳር ጎውሪ በተባለው የሩዝ እርሻም ከ10 ልጆች 9ኙ 16 ዓመት ሳይሞላቸው ይቀበሩ ነበር። እነዚህ ሕፃናት የትኛውን ሙያ ለየትኛው ጥቅም ያውሉ ነበር?

«ለራስ ጥቅም» የሚለው ቃል እውነት ሊሆን የተቃረበበት አንድ ጊዜ ግን አለ፤ እሱን የፍሎሪዳ ልጆች ይማሩት። እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 1865፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል፣ ከሰሜኑ ጦር አዛዦች አንዱ ጄኔራል ሸርማን ባወጣው ትእዛዝ ከቻርለስተን በስተደቡብ ያሉት ደሴቶች፣ ከባሕሩ 30 ማይል ወደ ውስጥ ድረስ በየወንዙ ዳር የተተዉት የሩዝ ማሳዎች፣ በፍሎሪዳም የሴንት ጆንስ ወንዝ ዳርቻ ነፃ ለወጡት እንዲሰጥ ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 40 ኤከር። ወደ 40,000 የሚሆኑ ሰዎች ሰፈሩበት። ካቡን የሠሩት፣ በሩን የሚያውቁት እነሱ ነበሩና ለራሳቸው ዘሩ። ዓመቱ ሳያልቅ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን መሬቱን ለቀድሞዎቹ ጌቶች መለሰው። ወታደር ወደየማሳው ተላከ፤ መቆየት የፈለገ ለቀድሞ ጌታው ሊሠራ ውል ፈረመ፣ ያልፈረመ ተባረረ።