የሐሰት አባት ቢመሰክር ምን ክፋት አለው?

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የከረመውን ቪዲዮ ያላየ ሰው ብዙ አይመስለኝም። አገልጋዩ መሬት ላይ በወደቀች ልጅ አፍ ላይ ማይክሮፎን ደቅኖ፣ ውስጧ አለ የተባለውን መንፈስ «እኔ የማስተምረው እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» ብሎ ይጠይቃል። መንፈሱም «እውነት ነው፤ አንተ እሳት ነህ፤ አቃጠልከኝ» ብሎ ይመልሳል። አገልጋዩ ወደ ጉባኤው ዞሮ «ሰማችሁ? ራሱ መሰከረ!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል። በመግቢያው ላይ አንዲት ጥቅስ ለወጉ ተነብባ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን መጽሐፉ ታጥፎ መድረኩ ለመምህሩ ተለቀቀ። መምህሩ ስል መንፈሱን ማለቴ ነው።

እኔ እንደ ሌሎቹ ልነቅፍ አልተነሣሁም። አሠራሩ ስንት ድካም እንዳቀለለልን ሳስብ እንዲያውም ምስጋና ያንሰዋል እላለሁ። ቀድሞ አንድ ሰው ስለ ኃጢአት፣ ስለ መዳን ወይም ስለ መናፍስት አንድ ነገር ለመረዳት ከዘፍጥረት እስከ ራእይ መመላለስ፣ ዐውዱን ማጤን፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት እንዴት እንደ ተረዱት መጠየቅ፣ አንዳንዴም አፉን ሞልቶ «አላውቅም» ማለት ነበረበት። ዛሬ ከምንጩ በቀጥታ መጠየቅ ተችሏል። ምንጩ በዮሐንስ ወንጌል 8፥44 «ሐሰተኛ የሐሰትም አባት» መባሉን አልዘነጋሁም፤ ይሁን እንጂ መብራት ሲበራበትና ካሜራ ሲዞርበት እውነት ብቻ እንደሚናገር ከጉባኤው መካከል የተጠራጠረ ሰው ስላላየሁ፣ ነገሩ አስቀድሞ የተረጋገጠ መሆን አለበት።

የቃለ መጠይቁ ሥርዓት ራሱ የሚደነቅ ነው። «ስምህ ማን ነው?» ይባላል፤ ስሙን ይናገራል። «መቼ ገባህ?» «ገና በእናቷ ማሕፀን ሳለች።» «በምን በኩል ገባህ?» «በአያቷ በኩል።» «ማን ላከህ?» እዚህ ላይ ጉባኤው ትንፋሹን ይውጣል፤ ምክንያቱም መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት አክስት፣ አለዚያም አንዲት ጎረቤት ናት፤ ተከሳሿም ስለማትገኝ መከላከያ የማቅረብ ጣጣ የለም። «ስንት ናችሁ?» ቁጥሩ ሁልጊዜ ብዙና ድፍን ነው፤ ሦስት ሺህ ይሆናል እንጂ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ አንድ ሆኖ አያውቅም። «አለቃችሁ የት ነው?» «ከባሕር በታች።» ቀጥሎ የአለቆቹ ማዕረግ፣ የእያንዳንዱ የሥራ ድርሻና የስብሰባ ሰዓታቸው በዝርዝር ይቀርባል። ከዚያም «ከአገልጋዮች ሁሉ አብልጣችሁ የምትፈሩት ማንን ነው?» የሚለው ታላቅ ጥያቄ ይመጣል፤ መልሱ አንድም ቀን ከጠያቂው ሌላ ሰው ሆኖ አያውቅም። መንፈሱ ስለ ሌሎች ጉባኤዎችም ያለ ስስት ማብራሪያ ይሰጣል፤ በማዶ በኩል ያለው አገልጋይ ወዳጁ እንደሆነና እዚያ ሲሄድ እንደ ቤቱ እንደሚዝናና ሳይጠየቅ ይናገራል። በዚህ ላይ ጨዋ ነው፤ ካሜራው እስኪስተካከል ይታገሣል፣ መባ ሲሰበሰብ ጸጥ ይላል፣ «ወጣሁ!» ብሎ ይጮኽና በሚቀጥለው ሳምንት ለክፍል ሁለት ይመለሳል። የተናገረው ሁሉ በማስታወሻ ተይዞ ስለ መናፍስት መግቢያ በሮች የሚያስተምር ሥልጠና ሆኖ ይወጣል፤ የጥናቱ ዋና አዘጋጅ እርሱ ሆኖ ሳለ ስሙ በሽፋኑ ላይ አለመጠቀሱ ግን ሁልጊዜ ቅር ያሰኘኛል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ወንጌላውያን የጻፉልን አገልግሎት የባከነ ዕድል ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 በምኵራብ የነበረው ርኩስ መንፈስ «የእግዚአብሔር ቅዱሱ» ብሎ ምንም ስሕተት የማይወጣለት ምስክርነት ሲሰጥ፣ ኢየሱስ የመለሰለት «ዝም በል ከእርሱም ውጣ» ብቻ ነው፤ በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 34 ላይም አጋንንቱ ስላወቁት እንዲናገሩ አልፈቀደላቸውም። በምዕራፍ 5 በአንድ ሰው ያደረውን ሌጌዎንን ስሙን ጠየቀ እንጂ ስለ አለቆቹም ሆነ ስለ ሰውየው አያቶች አልጠየቀም፤ ነፃ የወጣው ሰው ለብሶ፣ ልቡም ተመልሶለት «አብሬህ ልሁን» ብሎ ሲለምን እንኳ ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹ ላከው። ጳውሎስማ ከዚህም ይብሳል። በፊልጵስዩስ የምዋርት መንፈስ የነበረባት ልጅ እርሱና ጓደኞቹ የልዑል አምላክ ባሪያዎች መሆናቸውን፣ የመዳንንም መንገድ እንደሚናገሩ እየጮኸች ብዙ ቀን ተከተለቻቸው። ከተናገረችው ውስጥ ሐሰት የሚባል አንድም ቃል አልነበረም። የእኛ ሰዎች ቢሆኑ ፎቶዋን በጉባኤ ማስታወቂያ ላይ ባተሙት ነበር፤ እርሱ ግን ተሰላችቶ መንፈሱን አስወጣው፤ በዚህም ነፃ ማስታወቂያውን አጥቶ በምትኩ ዱላና ወኅኒ ተቀበለ።

መንፈስን ምስክር አድርጎ ማቆም ትናንት የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1634 በፈረንሳይ ሉደን ከተማ ኡርባን ግራንዲዬ የተባለ ካህን በእሳት የተቃጠለው፣ አጋንንት ይዘውናል ባሉ መነኮሳይያት አፍ በሕዝብ ፊት የተነገረው ነገር እንደ ማስረጃ ተቆጥሮበት ነው። ከዚያ 20 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1614 የወጣው የሮማ ቤተ ክርስቲያን የሥርዓት መጽሐፍ ካህኑ አንድን ሰው አጋንንት ይዞታል ብሎ በቀላሉ እንዳያምን፣ ከመንፈሱም ጋር ከንቱ ወሬና የጉጉት ጥያቄ እንዳያበዛ አስጠንቅቆ ነበር። መንፈሱ እየተናገረ ግን ማን ያነባል? ዛሬ አክስቲቱ በእሳት አትቃጠልም፤ ወንድሟ በሩን ይዘጋባታል፣ የእኅቷ ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩአት ይሸሻሉ፣ ለምን እንደ ተጠላችም ከመጨረሻዎቹ ሰዎች አንዷ ሆና ትሰማለች።

ሌላው የአገልጋዮቹ ውለታ ከንስሐ መገላገላቸው ነው። ጳውሎስ በገላትያ 5 ቁጣን፣ ቅንዓትንና አድመኝነትን የሥጋ ሥራ ብሎ ዘርዝሮ ነበር፤ አሁን እያንዳንዳቸው የራሳቸው መንፈስ ስለ ተገኘላቸው፣ ሚስቱን የሚሰድበው ሰው ይቅርታ መጠየቅ አይጠበቅበትም፤ ሰልፍ ይዞ በተራው መውደቅ ይበቃዋል። ጢሞቴዎስም በሆዱ ሕመም ምክንያት ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲጠጣ የተመከረው የሆድ መንፈስ ገና ስላልተገኘ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ልተወው። ስለ ታመመች ልጅ መጸለይ ተገቢ ነው፤ ክኒኗን ከእጇ እንድትቀሙ ግን ማን ፈቀደላችሁ? «መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጣት ነው» ብላችሁ ስትሰብኩ፣ ልጅቷ ዳግመኛ ስትወድቅ የምትደርሱላት እናንተ ናችሁ? እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን ባቫሪያ አንዲት የ23 ዓመት ተማሪ፣ ሐኪሞች የሚጥል በሽታ እንዳለባት የነገሯት፣ 67 ጊዜ አጋንንት የማስወጣት ሥርዓት ከተፈጸመባት በኋላ በምግብ እጦት ሰውነቷ አልቆ ሞተች። ሥርዓቱ የተፈጸመው ከላይ በጠቀስኩት፣ በቀላሉ አትመኑ በሚለው በዚያው መጽሐፍ ነበር። በ1978 ፍርድ ቤት ወላጆቿንና ሁለት ካህናትን በቸልተኝነት ለሞቷ ምክንያት በመሆን ጥፋተኞች ብሏቸዋል። አጋንንቱ ተናገሩት የተባለው ሁሉ በካሴት ተቀርጾ ተቀምጧል፤ እርሷ ግን በረሃብ ሞታለች። በየመድረኩ የምናጨበጭብለትም ልጅቷ ስትነቃ የምታፍርበት፣ ፊቷ ሳይሸፈን የሚሠራጭ ምስል ነው፤ ፈቃዷን የጠየቃት የለም።

በሌላው ወገን ያሉትንም ሳላመሰግን ማለፍ ንፉግነት ይሆንብኛል። እነዚህ ማርቆስ ምዕራፍ 1ን ቃል በቃል ያምናሉ፤ የተጨነቀ ሰው በራቸውን ሲያንኳኳ ግን ኮሚቴ ያቋቁማሉ፣ የግሪክኛውን ግሥ ይተነትኑለታል፣ ሲመሽም ሳይጸልዩለት ይሸኙታል። ሰውየውም በማግስቱ ማይክሮፎን ወደ ያዘው አገልጋይ ዘንድ ሲሄድ «ሕዝባችን ቃሉን አያውቅም» ብለው ያዝናሉ። በ1ኛ ተሰሎንቄ 5 «መንፈስን አታጥፉ» በሚለውና «ሁሉን ፈትኑ» በሚለው መካከል ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ አንደኛው ወገን የመጀመሪያውን አንብቦ መጽሐፉን ይዘጋል፣ ሌላኛው ከሁለተኛው ይጀምራል። በተራራው ላይ የኢየሱስን ክብር በዐይኑ ያየው፣ ከሰማይ የመጣውንም ድምፅ በጆሮው የሰማው ጴጥሮስ ይህን ሁሉ ከተረከ በኋላ አንባቢውን የመራው ወደ ጸናው የትንቢት ቃል ነበር፤ እንዲህ ያለ ልምምድ ያለው ሰው ዛሬ ቢገኝ ስለ ተራራው ብቻ ተከታታይ ትምህርት በከፈተ ነበር።

«መንፈስን ሁሉ አትመኑ፥ ነገር ግን መርምሩ» የሚለውን የዮሐንስን መልእክት የጠቀሰ ሰው የሚሰጠው መልስ ይታወቃል፤ «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» ይባላል። ስለዚህ እኔም ምርመራውን ትቼ፣ የመንፈስ ምስክርነት ለሚወዱት አገልጋዮች አንድ ቃለ መጠይቅ ብቻ ልጠቁማቸው። በሐዋርያት ሥራ 19 የአስቄዋ ሰባት ልጆች ጳውሎስ በሚሰብከው በኢየሱስ ስም መንፈስ ሊያስወጡ ሲሞክሩ፣ ክፉው መንፈስ «ኢየሱስንስ አውቀዋለሁ ጳውሎስንም አውቀዋለሁ፤ እናንተሳ እነማን ናችሁ?» ብሎ መለሰላቸው፤ ሰዎቹም ቆስለው ዕራቁታቸውን ከዚያ ቤት ሸሹ። መንፈሱ ማንን እንደሚፈራና ማንን እንደማያውቅ በገዛ አፉ ግልጽ አድርጎ የተናገረበት ክፍል ይህ ሆኖ ሳለ፣ በነፃ ማውጣት ጉባኤ መድረክ ላይ ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም፤ ምናልባት ጥያቄውን የጠየቀው መንፈሱ ስለሆነ ይሆናል።